ባዝራዋን ያማሁ ዕለት

ሰው አጠገቤ ቆሞ ፈረስ ሲያደንቅ እስከ ዛሬ እሰጋለሁ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ቦታ ባለው የስፖርት ፈረሶች ጋጣ ውስጥ ነው የምሠራው። ቅዳሜና እሁድ ጎብኚ ይመጣል። ልጆቻቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ይደገፉና "እንዴት ታምራለች!" ይላሉ። እኔ ብሩሼን ይዤ ከዳማዋ ባዝራ ጎን እቆማለሁ። በልቤ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያልኩ ጥርሴን እነክሳለሁ። የምነክሰው አፌ ሌላ ነገር ሊል እንደሚቸኩል ስለማውቅ ነው። አንድ ጊዜ ብሏል። ያለው ነገር የእኔንም የባዝራዋንም ዕጣ ሊያበላሸው ምንም አልቀረውም ነበር።

የተወለድኩት መርሳ ነው። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ገጠሩ መንገድ ማንጎና ማሽላ፣ ሲሚንቶና ሙሽራ ሲያመላልስ ነው ያሳደገን። አንዲት ነጭ ባዝራ ነበረችው። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበረች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ ጋሪው ከኋላዋ እንዳለ የምታውቅ አትመስልም። ታዲያ "ምን የመሰለች ፈረስ ናት ባክህ!" ያለ ሰው ሁሉ ከአባቴ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው።

"ኧረ ተወኝ! ሰነፍ ናት። ጉልበቷ ስትበላ ብቻ ነው። የፊት እግሯንም አትመነው።"

ሰውየውም ነገሩ ይገባዋል። እስላም ከሆነ "ማሻአላህ፣ አላህ ይጠብቃት" ይላል፤ ክርስቲያን ከሆነ "እትፍ እትፍ፣ ከዓይን ያውጣት" ብሎ ያልፋል። እኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው። ያደነቀው ያደንቃል፣ ባለቤቱ ያማል፣ ያደነቀው መልሶ ይመርቃል፣ ፈረሷም በሰላም ታድራለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መንገድ ላይ ለሻይ የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር አድንቋት ሳይመርቅ ሄደ። አባቴም ቸኩሎ ስለነበር ሳያማት ቀረ። በማግስቱ ነጯ አነከሰች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሳያማት የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

እናቴ ግን አይዋጥላትም ነበር። "ውሸት ነው የምትለው። ማሻአላህ በልና ዝም በል" ትለዋለች።

"ሴትዮ፣ ማሻአላህ ማለት ያለበት ያደነቀው ነው። እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?"

ባጃጅ መርሳን ሲሞላት ጋሪው ቆመ፤ ነጯም ለሐራ ከተማ ሰው ተሸጠች። እኔ ደግሞ ወልዲያ ገብቼ የእንስሳት ጤና መማር ጀመርኩ። ለተግባር ትምህርት የወጣን ቀን አንድ ሽማግሌ ዳማ ባዝራ እየሳቡ መጡ። ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር ተሰክቶባት ነበር። የክፍሌ ልጆች ከኋላ ከኋላ ሲሉ እኔ በትከሻዋ በኩል ተጠግቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ እግሯን አነሳሁት።

ሽማግሌው "ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"አባቴ። ባለጋሪ ነበር።"

"አሃ! ፈረሰኛ የሚያውቀው ራሱን ነው። ፈረስ የሚያውቅ ባለጋሪ ነው" ብለው ሳቁ። እሳቸው ራሳቸው ፈረሰኛ ነበሩ።

ሻምበል ነው የምንላቸው። ድሮ በፈረሰኛ ፖሊስ ውስጥ አገልግለዋል። ጡረታ ወጥተው ከሲሪንቃ ወረድ ብሎ በደረቁ ወንዝ ዳር፣ አሸዋማው ሜዳ ላይ ፈረስ ያሠለጥናሉ። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ሌሎቹ ፈረሶቻቸው ተወስደው የቀረቻቸው ዳማዋ ብቻ ናት። ለጉግስ ሳይሆን ለዝላይ ነበር የሚያዘጋጇት። በርሜል ላይ አጣና ያጋድማሉ፤ እሷ ጆሮዎቿን ወደፊት ታቆምና ከመሬት ትነሳለች። ስታርፍ አንድ ጊዜ ታናፋለች፤ "ይኸው ነው?" የምትል ይመስላል።

ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ ከሳቸው መማር ጀመርኩ። ለአንድ ወር ሙሉ ኮርቻ አላስነኩኝም። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት በመዳፌ አራቱንም እግሮቿን ከጉልበት እስከ ሰኮና መዳሰስ ነበር። ሙቀት ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ ከሩጫ በኋላ ትንፋሿ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ በደብተር አስፍራለሁ። አንድ ቀን "ዛሬ የከፋት ትመስላለች" ብዬ ብጽፍ ሻምበል በእስክሪብቶ ሰረዙት።

"ከፍቷት እንደሆነ ነገረችሽ?"

"አልነገረችኝም።"

"እንግዲያው ያየሽውን ጻፊ። ውድድር ላይ ፈረሱ አይናገርም፤ ተንከባካቢው ነው የሚናገርለት። ያላየሽውን አንዲት ቃል ከጨመርሽ ፈረሱንም ጋላቢውንም ትገድያለሽ። ያየሽውን ብቻ! የቀረውን ለገበያ ተይው።"

በሁለተኛው ወር ወደ ኮርቻው ወጣሁ። ሱሪ ለብሼ፣ በላዩ ሰፊ ቀሚስ ደርቤ፣ ሻሼን በመርፌ ቁልፍ አጥብቄ። የደረቁን ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች አልማሩኝም።

"ኧረ ፈረሰኛዋ መጣች! ሙሽራው የት ቀረ?"

"ፈረሱ ቀድሞት ነዋ!"

"አትቸኩዪ እታለም፣ ሽምግልና በእግር ነው የሚመጣው!"

እናቴ ወሬው ከብዷት የሰፈራችንን ሸህ ጠየቀች። እሳቸው "ግመል ላይ የምትወጣዋን ማን ከለከላት? ልብሷን ታጥብቅ፣ ሰላቷን አታሳልፍ" አሏት። ሰላቴን አላሳልፍም ነበር። የዙሁር ሰዓት ሲደርስ ሜዳው ዳር ምንጣፌን አነጥፋለሁ፤ ክርስቲያኑ ሻምበል ባዝራዋን በልጓሟ ይዘው ፊቷን ወደ ወንዙ ያዞሩልኛል። "አንቺ፣ ሰላቷን እንዳታፈርሺባት" ሲሏት እሰማለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ግብ ነበረው። ሻምበል የሚያውቋት አንዲት ሴት አዲስ አበባ አጠገብ የስፖርት ፈረሶች ጋጣ አላት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ፈረስ ልትመለከት ትመጣለች። ባዝራዋን ከወደደች ትወስዳለች። ሰልጣኝም ትፈልጋለች ተብሏል። እኔን በሌላ በኩል አክስቴ "ፓስፖርትሽን አውጪ" እያለች ትወተውተኛለች፤ አረብ አገር የሰው ቤት ሠራተኝነት አዘጋጅታልኛለች። ለባዝራዋም ሌላ በር አልነበረም። የሻምበል ጉልበት እየደከመ ነው፤ አንድ የሐራ ባለጋሪ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋቸዋል። "ይህች ከመሬት የምትነሳ ፍጥረት ሲሚንቶ ልትጎትት ነው" ብለው ያዝናሉ፤ ወዲያው አባቴ ትዝ ይላቸውና "ይቅርታ አንቺ ልጅ፣ ለክፋት አይደለም" ይሉኛል።

ሴትዮዋ መጣች። "መጣች" የምለው ከድፍረት አይደለም። ዛሬ አለቃዬ ናት፤ እሷው ራሷ "አንቺ ካላልሽኝ አልሰማሽም" ብላ አስለምዳኛለች። ያን ቀን ግን አፌ ሙሉ አንቱ ነበር። ቦት ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ከሹፌሯ ጋር አሸዋው ላይ ወረደች። ሻምበል የክትባት ካርዱን ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ። ሹፌሩ መኪናውን ወደ ጥላ ሊያስጠጋ ሄደ። እኔ፣ ሴትዮዋና ባዝራዋ ቀረን።

ሴትዮዋ ባዝራዋን ዞረቻት።

"እንዴት ያለች ባዝራ ናት! አንገቷን ተመልከቺልኝ!"

ጠበቅሁ። ማሻአላህ የለም።

"ጀርባዋ ደግሞ! እንዲህ ያለ ጀርባ ስንት ዓመቴ ካየሁ!"

አሁንም ጠበቅሁ። እትፍ እትፍም የለም። የዚያ የከባድ መኪና ሹፌርና የነጯ ነገር እንደ ትናንት ታየኝ።

"እነዚህን እግሮች! የእግሯን ነገርስ ተይኝ!"

የባዝራዋ ቆዳ ከትከሻዋ እስከ ሆዷ ተንቀጠቀጠ። ዝንብ ይሆናል። እኔ ግን ዝንብ አላየሁም። ያን ጊዜ የአባቴ ድምፅ በእኔ አፍ ወጣ።

"ኧረ ምኗ! ሰነፍ ናት። ጉልበቷ ስትበላ ብቻ ነው። የፊት እግሯንም አይመኑት።"

ተናግሬ ስጨርስ ሰውነቴ ቀለል አለው። አሁን ትመርቃታለች ብዬ ቀና ስል የሴትዮዋ ፊት ተለውጧል።

"የትኛው የፊት እግሯ?"

ዝም አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

አሁንም ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ቃል አምልጦኝ ነው እንበል፤ ወጋችን ነው። ዝምታው ግን የእኔ ነበር። "እንዲያው ለወግ ያህል ነው" ማለት ስችል፣ ሻምበል የሰረዙልኝን መስመር እያስታወስኩ አሸዋውን አያለሁ።

ሻምበል ካርዱን ይዘው ሲመለሱ ሴትዮዋ በትህትና አመሰገነቻቸው። "ባዝራዋ ለእኛ ሥራ ገና ናት፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን" አለቻቸው። ባዝራዋ ሳትዘልም፣ ሳትሮጥም። ሻምበል ካርዱን እንደዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ሴትዮዋ እኔን ለብቻዬ ጠርታ የተናገረችውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ስንት ዓመት ፈረስ ስገዛ የፈረሱን ጉድ ፊት ለፊት የነገረኝ ተንከባካቢ አንድም አላጋጠመኝም። አንቺን ነው የምፈልገው። ሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ። ዛሬ ወልዲያ ሆቴል አድራለሁ፤ ነገ ረፋድ ላይ ወደ አዲስ አበባ ስለምመለስ ወረቀትሽን ይዘሽ እዚያ ነይ።"

የተመኘሁት ነገር እጄ ገባ። እንዴት እንደገባ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሻምበል "እንኳን ደስ አለሽ" ሲሉኝ ዓይኔን አሸሸሁ። "የባዝራዋስ ነገር?" አልኳቸው። ለእኔ ብለው በእኛ አነጋገር መለሱልኝ፤ "ኢንሻአላህ ሌላ ገዢ ይመጣል፣ አብሽሪ።"

መርሳ ገብቼ ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። "የእኔን ቃል? እንዳለ? 'ጉልበቷ ስትበላ ብቻ ነው' አልሻት?" ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። "ግን እኮ ልጄ፣ እኔ እንዲያ የምላቸው ሰዎች ሁሉ ነገሩን ያውቁት ነበር።"

እናቴ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። "ማሻአላህ ለማለት ምን ያዘሽ? እሷ ባትል አንቺ ትዪላት አልነበር? የሰውን አማና፣ የሰውን አደራ፣ በምላስሽ አፈረስሽ፤ በፈረሰው ላይ እንጀራ ልትበዪበት ነው።"

መግሪብ ስሰግድ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ልሁን ሁለተኛው ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋኝ። ለሴትዮዋ ብነግራት፣ የምትቀጥረኝ ለእውነቴ ነውና እውነቱ ሲወጣ ሥራዬም ይወጣል፤ ከዚያ አክስቴና ፓስፖርቱ። ባልነግራት ዳማዋ ሐራ ገብታ ሲሚንቶ ስትጎትት፣ እኔ እሷን አምቼ ባገኘሁት እንጀራ የሌላ ሰው ፈረስ ሳበጥር እኖራለሁ። ወረቀቴን ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩ፤ መልሼ አወጣሁት፤ እንደገና ከተትኩት።

ጠዋት ወደ ወልዲያ በሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ያውቀኛል።

"ፈረሰኛዋ ዛሬ በመኪና? ፈረሷ አኮረፈች?"

"ዝም ብለህ ንዳ" አልኩት። እሱ ግን ሲሪንቃ ላይ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ሁለት ጆንያ ማንጎ ጣሪያ ላይ ታስጭናለች፤ አንዱ ጆንያ ተፈታ፤ ማንጎው አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሁሉም ወርዶ ይለቅማል፤ ይስቃል። እኔ ሰዓት እያየሁ፣ ማንጎ እየለቀምኩ፣ "ያ ረቢ፣ ሳትሄድ አድርሰኝ" እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ አላህ ይማረኝ፣ በሄደች ብዬም ተመኝቻለሁ።

ሆቴሉ ስደርስ ቁርስ ላይ ነበረች፤ ሹፌሯ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፍርፍር ይበላል። ተቀመጪ አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

"ትናንት ስለ ባዝራዋ ያልኩት ውሸት ነው። እግሯ ምንም የለበትም።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሻምበል ናቸው የላኩሽ?"

"ወላሂ አያውቁም። መምጣቴንም አያውቁም።"

"ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽኝ?"

"ልሸፍናት ብዬ ነው።"

"ከምን?"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ከዓይንዎ።"

ሹፌሩ ትን አለው። ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞራ፣ ወደ እኔ ተመልሳ፣ "እኔን ቡዳ ነሽ እያልሽኝ ነው?" አለች።

ሹፌሩ ውሃውን ጨልጦ ጣልቃ ገባ። "ኧረ አይደለም! እናቴም እንዲሁ ናት። ጎረቤት ልጄን ሲያደንቅ 'ምን እሱ፣ አፍንጫው አይታይህም?' ነው የምትለው።"

እሷ አልሳቀችም። "ፈረሷን የተውኩት በቃልሽ ነው። አንቺንም የወሰድኩሽ በዚያው ቃል ነው። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል። ለዚያ ነው የመጣሁት። የእኔ ነገር ይቅር፤ ባዝራዋን ግን ደግመው ይዩልኝ።"

ሰሃኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ ሹፌሩን "ብላና ተነስ" አለችው። በመኪናዋ ወደ ሜዳው ወረድን።

ሻምበል አጣናዎቹን ከበርሜሎቹ ላይ እያወረዱ ነበር። ሲያዩን አንዱን እንደታቀፉ ቆሙ። ሴትዮዋ ሰላም ብላቸው ወደ እኔ ዞረች። "ንገሪኝ። የምታይውን ብቻ።"

በርከክ ብዬ አራቱንም እግሮች ዳሰስኩ። የባዝራዋ እግር እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

"አራቱም ቀዝቃዛ ናቸው፣ ማሻአላህ። እብጠት የለም። ወደ ግራ ስትዞር አንገቷ ይደነድናል። ፌስታል ካየች ትበረግጋለች። ከዘለለች በኋላ ትንፋሿ ቶሎ ይመለሳል፣ ማሻአላህ።"

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የዳሰስኩትን ሁሉ በራሷ እጅ ደገመችው። ከዚያ ሻምበል አጣናዎቹን መልሰው ሰቀሉ፤ እኔ ወጣሁ፤ ዳማዋ ዘለለች። ስታርፍ አናፋች። ወደ ግራ ስንዞር እንዳልኩት ደነደነች። ከሾህ አጥሩ ላይ ፌስታል ተውለብልቦ ከኮርቻው ልታወርደኝ ስትል ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ያንለት ባዝራዋ ተሸጠች። ለሻምበል ሁሉንም ራሴው ነገርኳቸው። "የባለጋሪ ልጅ! እኔ ለስንት ወር ሳስተምርሽ፣ ያስተማረሽ ግን አባትሽ ኖሯል" አሉኝ፤ ተቆጥተው ይሁን እየሳቁ አልለየሁም። ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ሴትዮዋ ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን አወረደች።

"ባዝራዋን አውቄያታለሁ። አንቺን ገና አላወቅሁሽም። ሙከራው ስድስት ወር ነው። ትመጫለሽ?"

እነሆ መጣሁ። ቅዝቃዜው፣ በጠዋት የሚበርደው ውሃ፣ ድርቆሹ፣ እንግዳ ቋንቋ የሚመስለኝ የከተማ ቀልድ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ተለመደ። አንዱ ብቻ አልተለመደም። ጠዋት ጠዋት የስምንት ፈረሶችን እግር ዳስሼ ያየሁትን እናገራለሁ፤ አለቃዬ ሰምታኝ ታበቃና ጎንበስ ብላ በራሷ እጅ ትደግመዋለች። የሌሎቹን ተንከባካቢዎች ቃል ስትቀበል አያለሁ፤ የእኔን ግን ትዳስሳለች። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ መጎንበሷ ብቻ ይበቃኝ ነበር። በየሰላቱ የምለምነው ነገር ደሞዝ አልነበረም። አንድ ቀን ሳትጎነብስ እንድታምነኝ ነበር።

አምስተኛው ወር ላይ ዳማዋ የመጀመሪያ ውድድሯን ልትወዳደር ሆነ። ከዋዜማው ጀምሮ ሰው ሲጎርፍ፣ ሲያደንቅ፣ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ፤ "ማሻአላህ" ያለ አልሰማሁም፤ እኔው ስል ዋልኩ። በማግስቱ ጋላቢዋ ነጭ ሱሪዋን ለብሳ፣ ኮርቻው ተጭኖ፣ ስማችን ሊጠራ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ እግሯን ዳሰስኩ። የፊት ግራው ሞቋል። ደግሜ ዳሰስኩ። ሞቋል። የፊት እግሯ! ከሁሉም እግር የፊት እግሯ! ይህንን ብናገር የማን ቃል እንደሚመስል ገባኝ።

"የፊት ግራ እግሯ ይሞቃል" አልኩ።

ጋላቢዋ "ትናንት ደህና ነበረች እኮ!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ እግሩ አየ። አለቃዬ ግን ወደ እግሩ አላየችም። እኔን አየች፤ ከዚያ ሳትጎነብስ ሳትነካው "ኮርቻውን አውርዱ" አለች።

ጀርባዬን ሰጥቼ እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁ። ሐኪሙ መጥቶ ሲያያት ሰኮናዋ ሥር ትንሽ ቁስል አገኘ፤ ድንጋይ ረግጣ ነው አለ። በሁለት ሳምንት ዳነች። የዚያኑ ዕለት ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት።

"ዓይን ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ ሐኪሙ ድንጋይ ነው ብሏል።"

"ድንጋዩንስ እዚያ ማን አስቀመጠው?"

በማግስቱ ጠዋት ከሱብሂ በኋላ ጋጣ ስገባ አለቃዬ ቀድማኝ ደርሳ ዳማዋን በሩቅ ቆማ እያየቻት ነበር። አጠገቧ ቆምኩ፤ ጥርሴንም እንደ ልማዴ ነከስኩ።

"እንዴት እንደምታምር" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እትፍ እትፍ" አለች።